ከጂዛን እስከ ሳምጣ፦ የቤሊ ዳንስ ጀማሪ የራሷን ስልት የምታበጅበት መንገድ

ቤሊ ዳንስ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ዐረቦች ግን ረቅስ ሸርቂ ማለትም የምሥራቅ ጭፈራ የሚሉት ውዝዋዜ፣ ዳሌን፣ ሽንጥንና ደረትን እያንዳንዱን ከቀረው አካል ለይቶ በማንቀሳቀስ ላይ የቆመ፣ የዛሬ የመድረክ መልኩንም በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በካይሮ ያገኘ የጭፈራ ዓይነት ነው። በደቡብ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ከጂዛን ከተማ ተነሥቶ በአቡ አሪሽና በአሐድ አል-መሳሪሓ አድርጎ ሳምጣንና የጡዋልን የየመን ድንበር ኬላ እስኪነካ ባለው የቀይ ባሕር ቆላ፣ ይኸው ጭፈራ የሚገኘው በመድረክ ሳይሆን በሠርግ ቤት፣ ያውም በሴቶች መካከል ነው። ሠርጉ ቀስር አፍራሕ በሚባለው አዳራሽ ሲከበር ወንዶችና ሴቶች በየክፍላቸው ስለሚቀመጡ፣ የሴቶቹን ክፍል የምታደምቀው ጠቃቃ ትባላለች፤ ይህችም ጣር የተባለውን ባለ አንድ ገጽ ክብ ከበሮ ከሚመቱ ጓደኞቿ ጋር እየዘፈነች እንግዶቹን ከመቀመጫቸው የምታስነሣ ሴት ናት።

በእነዚህ ከተሞች በቤት ሠራተኝነት ወይም በሌላ ሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት እንዲህ ባለው አዳራሽ አንዳንዴ እንደ እንግዳ፣ አንዳንዴም ልጅ ይዘው ከማዳማቸው፣ ማለትም ከአሠሪያቸው ጋር ይገባሉ፤ በዕረፍት ቀናቸው ደግሞ በሐበሾች ልደትና ክርስትና፣ ኒካሕና ሽኝት ላይ ይገናኛሉ። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ከመካከላቸው ጭፈራውን ለገንዘብ የማትፈልገውን፣ ነገር ግን ከቪዲዮ የቀዳችውን እንቅስቃሴ ከመደርደር አልፋ፣ የሚያያት ሰው «ይህማ የእገሊት አጨፋፈር ነው» የሚልላት ለመሆን የምትሻውን ጀማሪ ነው። ስልት የሚባለው ነገር ጥቂት እንቅስቃሴ መርጦ፣ ያንኑ በየዘፈኑ እየመለሱ፣ በየጊዜው ጥቂት እየለወጡ የመጨፈር ልማድ ስለሆነ፣ ጠባብ ክፍል፣ አጭር ጊዜና ውሱን ዕውቀት ያላት ጀማሪ ብዙ ከሚያውቀው ሰው ይልቅ ወደ ስልት የቀረበች ናት ማለት ይቻላል።

የሰውነት መሠረት

ስልት ከመፈለግ በፊት አቋቋም መስተካከል አለበት። እግሮች በዳሌ ስፋት ተከፍተው፣ ጉልበቶች ሳይደርቁ ላላ ብለው፣ ወገብ ወደ ውስጥ እንዳይጎብጥ የጅራት አጥንት ወደ መሬት ተልኮ፣ ደረት ቀና ሲል ዳሌ ያለ ጭንቅ ይንቀሳቀሳል። በጭፈራው ውስጥ ዳሌ የሚነሣውና የሚወርደው በራሱ ኃይል ሳይሆን በጉልበት መታጠፍና መዘርጋት ስለሆነ፣ ሺሚ የተባለውን ፈጣን መንቀጥቀጥ የምትለማመድ ሴት ዳሌዋን ለመግፋት ከመታገል ይልቅ ሁለቱን ጉልበቶች እያፈራረቀች ብታጥፍ የተሻለ ነው። የዳሌ መጣል የሚባለው ደግሞ የሰውነት ክብደት በአንድ እግር ላይ አርፎ፣ ሌላው እግር በጣቶቹ ብቻ መሬት ነክቶ፣ በዚያው ወገን ያለው ዳሌ ከፍ ብሎ በከበሮው ምት የሚወድቅበት ነው። ከእነዚህ ሌላ በዳሌ የሚሣል ስምንት ቁጥርና ከደረት እስከ እንብርት የሚወርድ ማዕበል ከተጨመሩ ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ናቸው።

ቀኑን ሙሉ ወለል ስትወለውልና ምንጣፍ ስታነሣ የዋለች ሴት ወገቧ ስለሚደክም፣ ልምምድ ከመጀመሯ በፊት 10 ደቂቃ ያህል ሰውነቷን ብታፍታታ፣ ጉልበቷ ወይም ወገቧ ቢወጋትም ወዲያው ብታቆም ይመረጣል። የጂዛን ቆላ ሙቀት ከባሕሩ እርጥበት ጋር ስለሚደመር ልምምዱ ማታ ቢሆን፣ ውሃም በአጠገቧ ቢኖር መልካም ነው። በሴራሚክ ወለል ላይ በካልሲ መጨፈር ያንሸራትታልና ባዶ እግር ይሻላል።

አንድ አርኣያ፣ አንድ ዘፈን

ቀጣዩ እርምጃ አርኣያ መምረጥ ሲሆን፣ እዚህ ላይ የሚታየው የተለመደ ስሕተት ሃያ ዳንሰኞችን በአንድ ሳምንት ማየት ነው። ቢያንስ ለአንድ ወር አንዲት ዳንሰኛ፣ ከእርሷም አንድ ትርኢት፣ ቢበዛ ሁለት፣ ደጋግሞ ማየት ይበቃል። በዚህ ረገድ የቆዩት የግብፅ ፊልሞች ከዛሬዎቹ አጫጭር ቪዲዮዎች ይበልጣሉ፤ ምክንያቱም ካሜራው ዳንሰኛዋን ከራስ እስከ እግር ያሳያል፤ ዳንሰኛዋም ዘፈኑን ሳትጨርስ አትጠፋም።

በካይሮ ይህን ጭፈራ ወደ መድረክ ያወጣችው በዋናነት በዲዓ መሳብኒ ስትሆን፣ አዳራሿንም የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ከእርሷ ቤት ከወጡት መካከል ታሕያ ካሪዮካ፣ በ1933 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ከታወቀው ካሪዮካ ከተባለ ዳንስ ስሟን ያገኘችው፣ ከቆመችበት ስፍራ እምብዛም ሳትርቅ በመጨፈር ትታወቃለች፤ ፍልስጥኤማዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሰዒድ በ1990 ስለ እርሷ በጻፈው መጣጥፍ ያደነቀውም ይህንኑ የእንቅስቃሴዋን ቁጥብነት ነው። የዘመኗ ሰው ሳሚያ ጋማል ግን በተቃራኒው እጇን ዘርግታ መድረኩን እያካለለች፣ ከባሌም ከላቲን ዳንስም እየወሰደች ትጨፍር ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጣችው ሱሀይር ዘኪ ሰው ተቀምጦ ሊሰማው የሚገባ ተብሎ በተከበረው በግብፃዊቷ ዘፋኝ በኡሙ ኩልሱም ዜማ ላይ በመጨፈሯ ስም አወጣች። ሦስቱም ያንኑ የዳሌ መጣልና ያንኑ ስምንት ቁጥር ነበር የሚጨፍሩት፤ የለያቸው አንዷ ስፍራን፣ አንዷ ክንድን፣ አንዷ ዜማን መምረጧ ነው።

ለማየት የሚመረጡት ፊልሞች «ሊዕበት አስ-ሲት» የተባለው የ1946 ፊልም ለታሕያ፣ «ዐፍሪታ ሃኒም» የተባለው የ1949 ፊልም ደግሞ ለሳሚያ ናቸው። አተያዩ ሥርዓት ቢኖረው ይጠቅማል፦ በመጀመሪያው ዙር ድምፁ ተዘግቶ እግሩ ብቻ፣ በሁለተኛው ዳሌው ብቻ፣ በሦስተኛው ድምፁ ተከፍቶ ዳንሰኛዋ የማትንቀሳቀስባቸው ቅጽበቶች ብቻ ይታያሉ። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያልፉት ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ነገር ግን የአንዲትን ዳንሰኛ ማንነት ከሚናገሩት ነገሮች አንዱ የምታርፍበት ቦታ ነው። በአንድ ጠባብ የሠራተኛ ክፍል፣ በአልጋና በቁም ሣጥን መካከል ለምትለማመድ ሴት ከሁለቱ ታሕያ ቀዳሚ ምርጫ መሆኗ ግልጽ ነው፤ የሳሚያን ስልት ለመኮረጅ ሳሎን ያስፈልጋል፣ ሳሎኑም የማዳም ነው።

ጆሮ ከዳሌ ይቀድማል

የሐበሻ ጀማሪ በጂዛን አዳራሽ የምትደናቀፈው አብዛኛውን ጊዜ በዳሌዋ ሳይሆን በጆሮዋ ስለሆነ፣ ስለ ምት ዘርዘር አድርጎ መናገር ተገቢ ነው። የዐረብ ከበሮ ሁለት ዋና ድምፅ አለው፤ ከቆዳው መካከል የሚወጣው ወፍራሙ ዱም፣ ከጠርዙ የሚወጣው ቀጭኑ ተክ ይባላል። በግብፅ ዘፈን ውስጥ አብዝቶ የሚሰማው መቅሱም የተባለው ምት በስምንት እኩል ክፍል ሲቆጠር ዱም በአንደኛውና በአምስተኛው፣ ተክ ደግሞ በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በሰባተኛው ላይ ይወድቃል። በአራተኛው ላይ ያለው ተክ ወደ ዱም ሲለወጥ ምቱ ሰዒዲ ይሆናል፤ ይህም የላይኛው ግብፅ ገጠር ምት ሲሆን በዱላ የሚጨፈረውም በእርሱ ነው። ዳሌ በዱም ይወድቃል፣ በተክ ይነሣል የሚለው ደንብ ብዙ ልዩነቶች ቢኖሩትም ለጀማሪ ይበቃል።

በጂዛንና በአጠቃላይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሠርግ የሚነግሠው ግን ሌላ ነው። ሳዑዲ ወይም ኸሊጂ የሚባለው ምት እንዲሁ ስምንት ክፍል ኖሮት ዱም በአንደኛውና በአራተኛው፣ ተክ በሰባተኛው ላይ ስለሚወድቅ፣ ስምንቱ ሦስት፣ ሦስትና ሁለት ሆኖ ይከፈላል። የእስክስታ ችክችካ ደግሞ በስድስት ተቆጥሮ ሦስትና ሦስት ሆኖ የሚከፈል ነው። የጎንደር፣ የጎጃም ወይም የወሎ ልጅ የኸሊጂን ከበሮ ስትሰማ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስቶች እንደ አገሯ ምት ትቀበላቸዋለች፤ ትከሻዋም ሳይጠየቅ ይነሣል፤ ሦስተኛው ክፍል ግን ሁለት ብቻ በመሆኑ እርሷ ሦስተኛውን ስትጠብቅ ከበሮው አዲስ ዙር ይጀምራል፤ በዚህም የተነሣ በየዙሩ አንድ ክፍል ወደ ኋላ እየቀረች ሄዳ ከጭፈራው ትወጣለች። ይህ የችሎታ ጉድለት ሳይሆን የልማድ ጉዳይ ነው፣ መድኃኒቱም ቀላል ነው።

መጀመሪያ ተቀምጦ «አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት» እያሉ በየ«አንዱ» ማጨብጨብ ያስፈልጋል። ጭብጨባው ሳይስት መሄድ ሲጀምር ቆሞ በየ«አንዱ» አንድ እርምጃ ይረገጣል፤ በዙሩ ውስጥ ሦስት እርምጃ ስላለ የመጀመሪያው ዙር በቀኝ እግር ቢጀምር ሁለተኛው በግራ ይጀምራል፣ ይህ መፈራረቅም ለኸሊጂ ጭፈራ ያን የሚታወቀውን፣ አንዱ እግር በሙሉ ሲረግጥ ሌላው በጣቱ ብቻ የሚነካበትን ለስላሳ ማነከስ ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ ብቻ ዳሌ ይጨመራል። ግራ እጅ ችክችካውን፣ ቀኝ እጅ ኸሊጂውን እየመታ የሚደረግ የጠረጴዛ ልምምድ አድካሚ ቢሆንም፣ ሁለቱን ምቶች በጆሮ ለይቶ ለመያዝ ከእርሱ የሚበልጥ የለም።

በድንበሩ አካባቢ የየመን ዜማም በብዛት ይሰማል። ከዐደን በስተሰሜን ባለችው በላሕጅ የተነሣው፣ በ1943 ባረፈው ገጣሚና ዜመኛ በአሕመድ ፈድል አል-ዐብደሊ፣ በቅጽል ስሙ በአል-ቁመንዳን፣ ስም የሚታወቀው የላሕጂ ዘፈን ምቱ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ቅርብ ስለሆነ የእስክስታ ልማድ ያላትን ሴት ያቀልላታል። ከሳዑዲ በኩል የዐረቦች ከያኒ የሚባለው ሙሐመድ ዐብዱ፣ በ1949 በዚሁ በጂዛን ግዛት የተወለደው፣ ዘገም ባሉት ዘፈኖቹ ለልምምድ ይመቻል። የሰይፍ ጭፈራ፣ ዐዛዊና ዛሚል የተባሉት የአካባቢው ጭፈራዎች ግን በሰልፍ የሚቆሙ የወንዶች ጨዋታዎች ናቸውና ለዚህ ጉዳይ አይቀዱም።

የሐበሻ ትከሻ፣ የግብፅ ዳሌ

የራስን ስልት ማበጀት በዋናነት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት ቤሊ ዳንስ ስትጀምር ሰውነቷ ባዶ አይደለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችውና የጨፈረችው አለ። የአማራ አገር ልጅ ትከሻና አንገት፣ የጉራጌ ልጅ ፈጣን እግር፣ የወላይታ ልጅ ወገብና ዳሌ ይዛ ትመጣለች፤ የወላይታዋ ልጅ የዳሌውን ሥራ ከሌሎቹ በቀለለ መንገድ ብትማረው የሚያስገርም አይሆንም። ብዙዎች ይህን ቅርስ እንደ ጉድለት ቆጥረው ትከሻቸውን ለማሰር ይታገላሉ፣ ይህም ከንቱ ድካም ነው። የተሻለው መንገድ ግብፃዊው ማሕሙድ ሪዳ የሄደበት ነው፤ እርሱ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ የተካፈለ ጅምናስቲከኛ ሲሆን፣ በ1959 ባቋቋመው ቡድን ከየገጠሩ ያየውን አካሄድና ውዝዋዜ እንዳለ ሳይቀዳ፣ ለመድረክ በሚስማማ መልክ እየቀረጸ አዲስ ስልት አበጀ። የቡድኑ ዋና ዳንሰኛ ፈሪዳ ፋህሚ በምትታይበት «ገራም ፊል ከርነክ» በተባለው የ1967 ፊልም ይህን ማየት ይቻላል።

ለማቀላቀሉ ሥራ አንድ ደንብ ሊጸና ይገባል፦ ትከሻና ዳሌ በአንድ ጊዜ አይናገሩ። ዳሌ መቅሱሙን ሲከተል ትከሻ ያርፋል፤ ከበሮው ዙሩን ለመዝጋት ሲንደረደር ወይም ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ ዳሌ ቆሞ ትከሻ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በአጭሩ ይመልሳል። የእስክስታ ትከሻ ቁርጥ ያለ ስለሆነ ከዳሌው ዝግታ ቀጥሎ ሲመጣ ይደምቃል፤ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ግን ተመልካቿ የትኛውን እንደምታይ ስለማታውቅ ሁለቱንም አታይም። በአንድ ዘፈን ውስጥ እስክስታ፣ የአርሲ አንገት፣ የጉራጌ እግርና ቤሊ ዳንስ አንድ ላይ አጭቀው «ፊውዥን» የሚሉ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት ስልት ሳይሆን ገበያ ነው።

በኢትዮጵያና በግብፅ የጭፈራ ታሪክ የጋራ ድንበር ላይ የቆመ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዛር ነው። ዛር በሰው ላይ ያድራል ተብሎ የሚታመን መንፈስና እርሱን ለማስደሰት የሚደረግ ሥርዓት ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ እስከ ሱዳን፣ ግብፅና ዐረቢያ ድረስ ይታወቃል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር የዛር ቤቶችን አጥንቶ ከሥርዓቱ ውስጥ ያለውን የትወና ገጽታ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቷል፤ በጎንደር ጉሪ የሚባለው የአንገትና የደረት ውርወራም የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። በግብፅ መድረክ ደግሞ አዩብ የተባለው ፈጣን የከበሮ ምት ሲመታ ዳንሰኞች ፀጉራቸውን እየበተኑ የዛርን መልክ ያሳያሉ። ኢትዮጵያዊቷ ጀማሪ ይህን ለመጠቀም ከማንም የበለጠ የባህል መብት ቢኖራትም፣ ዛር ለብዙ እናቶች እውነተኛ ነገር፣ ለብዙ ሃይማኖተኞችም የተወገዘ ነገር መሆኑን አውቃ፣ በሠርግ ላይ ባትነካው የተሻለ ነው። የኸሊጂ ፀጉር ውርወራ ከዚህ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ነው፤ እርሱ ነሸል የተባለውን ሰፊ ጥልፍ ቀሚስ በእጅ ይዞ፣ ፀጉርን ከጎን ወደ ጎን በዝግታ የማወዛወዝ የደስታ ጨዋታ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ጀማሪዋ በራሷ ስልክ፣ ብቻዋን ሆና፣ አንድ ዘፈን ሳታቅድ ጨፍራ ብትቀርጸውና ብታየው ትጠቀማለች። መፈለግ ያለባት ስሕተቷን አይደለም፤ ሳታስብ ደጋግማ የምትመለስበትን እንቅስቃሴ፣ ስትጠፋ የምትሸሸግበትን፣ ሁልጊዜ የምትጀምርበትን ወገን ነው። እነዚህ ሦስቱ የስልቷ ዘር ስለሆኑ ሊታወቁና ሊሞረዱ እንጂ ሊወገዱ አይገባም። ለምሳሌ ስትጠፋ ወደ ትከሻዋ የምትሸሽ ከሆነ፣ ያንኑ ሽሽት ሆን ብላ በምቱ መዝጊያ ላይ ብታስቀምጠው ለተመልካች እንደ ፊርማ ይታያል።

ልብስና አበባ

በሳንቲም የተንቆጠቆጠው የወገብ ሻሽ ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ምት መሳትን ወዲያው ያጋልጣል። በሠርግ አዳራሽ ግን የመድረክ ልብስ ነውር ባይሆንም የሙሽራዋን ዓይን መሻማት ስለሚመስል፣ ወገብ ላይ የታሰረ አንድ ሻሽ ወይም ሰፊ ቀሚስ ይበቃል። ጂዛን ፉል በተባለው ነጭ የጃስሚን አበባዋ የታወቀች ናት፤ ሴቶችም በሠርግ ጊዜ አበባውን በክር ሰክተው በራስና በአንገት ያደርጉታል። በራሷ ላይ ፉል የደፋች ሴት ፀጉር መበተን ስለማትችል ጭፈራዋ ወደ እጅና ወደ ዳሌ መውረድ ይኖርበታል። ይህንን በቤት ውስጥ ቀለል ያለ ሻሽ በራስ ላይ አስሮ አስቀድሞ መለማመድ ይቻላል።

ወደ አዳራሹ ሲገባ

ሙሽራዋ ስትገባ አይጨፈርም። የሙሽራዋ እናትና እህቶች ሲነሡ ቦታው ለእነርሱ ይለቀቃል፤ እንግዳዋ ሐበሻ በሌሎች ተጋብዛ ብትነሣ፣ አንድ ዘፈን ጨፍራ ብትቀመጥ፣ የማታውቀው ምት ከመጣም በጭብጨባ ብትሳተፍ ይወደድላታል። በማታውቃቸው ሴቶች መሐል ገብቶ በሙሉ ኃይል ከመጨፈር፣ በዳር ቆሞ የጠቃቃዋን ከበሮ አንድ ዙር ሰምቶ መጀመር ይሻላል። ለአዛውንት ሴቶች ቅድሚያ መስጠት እንደ አገር ቤቱ ሁሉ እዚህም ያስከብራል። ደጋግመው የሚጠሯት ሰዎች ገንዘብ እንስጥሽ ቢሏት፣ የውጭ አገር ሠራተኛ ከአሠሪዋ ውጭ ለሌላ ሰው ወይም ለራሷ እንዳትሠራ የአገሩ ሕግ ስለሚከለክል፣ በመኖሪያ ፈቃዷ በኢቃማዋ ላይ የሚመጣውን ጣጣ አስባ እምቢ ማለት ይኖርባታል።

የመጨረሻው ጉዳይ ስልክ ነው። በብዙ የሠርግ አዳራሾች ካሜራ ያለው ስልክ ከበር ላይ ይወሰዳል፤ ባይወሰድም ማውጣት አይገባም፤ የራስን ጭፈራ ለመቅረጽ የተነሣ ካሜራ ከኋላ ያለችውን ሴት ያልተሸፈነ ፀጉር ይይዛልና። በ2007 የወጣው የሳዑዲ ዐረቢያ የኢንፎርሜሽን ወንጀል ሕግ ካሜራ ባለው ስልክ የሰውን የግል ሕይወት የደፈረን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት፣ እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል።